የሚወደድ ፊልም መጀመሪያ ይሰማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጥበብ ገጻችሁ አንባቢዎች የሚወዷቸውን ፊልሞች ከነምክንያታቸው እንዲጽፉ መጋበዙ ደግ ሥራ ነው። እስካሁን የወጡት ደብዳቤዎች ግን ታሪኩንና ተዋናዩን እንጂ ድምፁን አላነሱም። በከተማዋ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በኮንዶሚኒየም ኮሙናል ቤት ፊልም ለምናሳይ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሰው ግማሹን ንግግር ያልሰማውን ፊልም አይወድም፤ «አሰልቺ ነው» ብሎ ይወጣል።

ለዚህ ሰፈር ከሁሉ የሚቀርበው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው። ጭሰኛና ባለ መሬት፣ በሬና ሞፈር። ትናንት ማሳ በነበረ መሬት ላይ ለቆመ ኮንዶሚኒየም ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ቀድሞ ያርሱ የነበሩ አባትና ዕጣ የደረሳት ሠራተኛ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያዩታል፣ የሚያዩት ግን አንድ ዓይነት ፊልም አይደለም። የዚሁ ሰው «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ደግሞ ከጀርመን ወደ እናቱ መንደር ስለተመለሰ ምሁር ነው። ልጇን ውጭ አገር የላከች እናት ሁሉ የዚያችን እናት ሁኔታ ያለ አስረጂ ትረዳዋለች።

እንግዲህ ወደ ቤቱ። ኮሙናሉ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የአንዱ ቃል ማስተጋባት ሳይሞት ሌላው ቃል ይደርብበታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ድምፁን ይጨምራል፤ ማስተጋባቱም አብሮ ስለሚጨምር ነገሩ ይብሳል። የሚረዳው የዕድር ድንኳን ሸራ ነው። ከስክሪኑ ትይዩ ያለውን የኋላ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች፣ ከጎንና ጎን ካሉት ደግሞ አንዱን ሸፍኑ። ሸራው አይወጠር፤ እጥፋት ይኑረው፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ሸራ ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራል። ሰው ራሱ ድምፅ ይውጣል፤ ስለዚህ ባዶ ቤት ውስጥ ሲሞከር ትንሽ የሚያስተጋባ ድምፅ ቤቱ ሲሞላ ደህና ይሆናል።

ከሰርግ ዕቃ አከራይ የሚመጣ ስፒከር ለጭፈራ የተስተካከለ ነው። ሚክሰሩ ላይ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ዝቅ፣ ሚዱን (የሰው ንግግር ያለበትን መካከለኛውን) ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስፒከሮቹ በስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይቁሙ። ወለል ላይ ከተቀመጡ የፊተኛው ረድፍ ንግግሩን ይጋርደዋል።

ሙዚቃው ቤቱን እየሞላ የሰዎቹ ንግግር ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለ ፊልሙ በ5.1 ድምፅ፣ ማለትም ለስድስት ስፒከር ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ፊልም ንግግሩ በአብዛኛው መሃለኛው ስፒከር ላይ ነው፤ እናንተ ግን ያላችሁ ሁለት ብቻ ነው። ከማጫወቻው የድምፅ ምርጫ ስቴሪዮን (የሁለት ስፒከሩን) ምረጡ። በብሉቱዝ አታገናኙ፤ ድምፁ ከከንፈር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ገመድ ይሻላል። ያም ሆኖ ካልገጠመ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ባለው ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ የጄ እና የኬ ቁልፎች ድምፁን በ50 ሚሊ ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱታል።

ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያሸንፍ ስፒከር የለም።

የምስሉ ጉዳይ ይቀላል። ቤቱ በደንብ ከጨለመ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ፕሮጀክተር 3 ሜትር ስፋት ላለው ምስል ይበቃል፤ ተራው ፕሮጀክተር ለዚህ 4.5 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋል። አንሶላ ብርሃን ያሳልፋል፤ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይበልጠዋል። የምስሉ የታች ጠርዝ ከወለል ቢያንስ 1.2 ሜትር ይነሳ፣ አለዚያ ከስር የሚጻፈውን ትርጉም የሰው ራስ ይበላዋል። እንደ «ምርት» ያለውን አሮጌ ፊልም ስክሪኑን ልሙላ ብላችሁ አትለጥጡት፤ የገበሬው ፊት ጎን ለጎን ይሰፋል። በግራና በቀኝ ጥቁር ቢቀር ምንም አይደል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮጀክተር በደንብ አይበርድም። ፊልሙ መሃል ላይ ራሱን የሚያጠፋ ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። መጀመሪያ ማስተካከያው ውስጥ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱት፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ማራገቢያውን የሚያፈጥን ነው። ጫጫታው ይጨምራልና ከኋላ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማራገቢያው ይቆምና አምፖሉ በትኩሱ ይቀራል። ባለ 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካ ዕቃ) ፊልሙን አያስጨርስም፣ ግን አቀዝቅዞ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። መብራት እንደመጣ ወዲያው አትሰኩ፤ ኃይሉ እስኪረጋ ጠብቁ።

«ጤዛ» ውስጥ ጀርመንኛም ይነገራል። የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ (ኢንኮዲንግ) ያስቀምጥ፤ አለዚያ ፊደሉ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፎንቱ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይሁን፣ በአንድ ጊዜም ከሁለት መስመር አይለፍ። ፈቃድን በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው ብሎ ማሳየት የባለቤቱን ፈቃድ ከመጠየቅ አያድንም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ስለ አንድ ፊልም ስትጽፉ ርዝመቱን በደቂቃ፣ የሚነገርበትን ቋንቋ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም ለማሳያ ፈቃድ ማን እንደሚጠየቅ ከታች በአንድ መስመር እንድታክሉልን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የፊልም ምሽት አዘጋጆች፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም