ጠቋሚን ለተጠቆመበት ሰው መስጠት በየትኛው ደንብ ነው?

ለፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ኮሚሽነር

ክቡርነትዎ፣ በግል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ነገሩ አጭር ነው። የአለቃዬን ጥፋት ለእናንተ ጠቆምኩ። እናንተ ደግሞ እኔን ለአለቃዬ ጠቆማችሁ።

የምሠራው ግዢ ክፍል ነው። አንድ ትልቅ ግዢ ጨረታ እንዳይወጣበት ተቆራርጦ፣ ቁርጥራጩ ሁሉ ለአንድ አቅራቢ ሲሰጥ አየሁ። ውሎቹንና ደረሰኞቹን አያይዤ አመለከትኩ። ግድግዳችሁ ላይ «ማንነትዎ በሚስጥር ይጠበቃል» ስለሚል ስሜንም ጻፍኩ።

ብዙ ሳይቆይ አለቃዬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የእኔው ማመልከቻ ተዘርግቷል። የመዝገብ ቤታችሁ ማህተም አለበት። ጥጉ ላይ በእስክርቢቶ «ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፤ ተጣርቶ ምላሽ ይሰጥበት» የሚል ምሪት ሰፍሯል። የበላይ ኃላፊው ማን ሆነና? ተከሳሽም እሱ፣ አጣሪም እሱ! አጣርቶም ጨረሰ። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። «ሰነድ ያለፈቃድ አውጥተሃል» ተባልኩ። አሁን ሥራም ስልክም የሌለበት ክፍል ተቀምጬ የዲሲፕሊን ውሳኔ እጠብቃለሁ። ግዢው እንደቀጠለ ነው።

ቢሯችሁ ስመላለስ የተሰጠኝ መልስ «እኛ እኮ ጥርስ የለንም» የሚል ነው። ይገባኛል። ጥርስ የነበራቸውም ሲወልቅባቸው አይተናል። የደቡብ አፍሪካው «ስኮርፒየንስ» የአገሪቱን የፖሊስ ኮሚሽነር ሳይቀር የመረመረ ክፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረሰ። የኢንዶኔዥያው ኮሚሽንም ሚኒስትሮችንና የምክር ቤት አባላትን ለፍርድ ሲያቀርብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተቀየረና ነፃነቱ ተሸረሸረ። በምርጫ የመጣ መንግሥትም ቢሆን ምርመራው ወደ ራሱ ሰዎች ሲጠጋ ትዕግሥቱ ያልቃል። ይህ እውነተኛ ችግራችሁ ነው፤ አልክድም።

ግን አንድ ፖስታ አሽጎ ለማቆየት ምን ጥርስ ያስፈልጋል? የማንስ የፖለቲካ ቁርጠኝነት ይጠበቃል? እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 13 ስም ሳይጠቅሱ ጭምር መጠቆም እንዲቻል ይላል። አንቀጽ 33 በቅን ልቦና ስለጠቆሙ ሰዎች ጥበቃ ያወራል። ለእርስዎ ይህን ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል፤ በየስብሰባው የሚጠቅሱት እርስዎ ነዎት።

ምሪቱን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ግዢው ገለልተኛ በሆነ አካል እስኪጣራም የዲሲፕሊን ክሱ ይታገድ። እስከዚያው ግን እባካችሁ፣ በየዓመቱ በፀረ ሙስና ቀን መድረክ ላይ ወጥታችሁ «ኅብረተሰቡ አይተባበረንም» ማለቱን ተዉት።

ስሜን እዚህ አልጻፍኩም። እናንተም አለቃዬም ታውቁታላችሁ።

ግልባጭ፦
ለአለቃዬ (እናንተ እንዳትደክሙ እኔው ልኬዋለሁ)