«ያምራል» ብዬ ያለፍኳቸው ፎቶዎችሽ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት 43 ፎቶ ልከሽልኝ «አባዬ፣ እንዴት ናቸው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ቶሎ ቶሎ አየኋቸውና «በጣም ያምራሉ፣ ጎበዝ!» ብዬ መለስኩልሽ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። አንቺ የፈለግሽው ምስጋና አልነበረም፤ መሻሻል ነበር። እኔ ግን ባዶ እጅሽን ሸኘሁሽ።

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እንደገና አየኋቸው። ያኔ ልነግርሽ የሚገባኝን አሁን ልንገርሽ።

የወላጅ ዓይን ለፎቶ ዳኝነት አይሆንም። እኔ ፎቶሽን ሳይ የምትታዪኝ አንቺ ነሽ። ካሜራውን ይዘሽ ጎንበስ ስትዪ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ ስትጠብቂ ይታየኛል። የማያውቅሽ ሰው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ስንት ሰዓት እንደቆምሽ፣ ምን ያህል እንደደከምሽ አያውቅም። ፊቱ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። የሚጠቅምሽ እንግዲህ የእሱ ዓይን ነው። ጓደኞችሽም ከእኔ አይለዩም፤ ላይክ የሚያደርጉት አንቺን ነው። ደስ ይበልሽ፣ ግን ትምህርት አትጠብቂበት።

እኔ ይህ የገባኝ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ነው። ያኔ የምናነሳው በፊልም ነበር፤ አንዱ ጥቅል 36 ፎቶ ይይዛል። በጣም የምኮራበት አንድ ፎቶ ነበረኝ። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ከልጇ ጋር ታወራለች። ብዙ ዓመት ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ አንድ ሰው ጋ ወሰድኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «አሁን ዓይንህ መጀመሪያ የት ሄደ?» አሉኝ። ሲዘቀዘቅ እናትም ልጅም ጠፉ። ቅርጽና ብርሃን ብቻ ቀረ። ዓይኔም ቀጥ ብሎ የሄደው ጥግ ላይ ወደተሰጣ ነጭ ፎጣ ነበር።

ለወራት ያንን ፎቶ ስመለከተው ፎጣውን አንድም ቀን አላየሁትም። ዓይን ፎቶ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ደማቁ ቦታ ነው። የሴትዮዋ ፊት ጥላ ውስጥ ነበር፤ ፎጣው ፀሐይ ላይ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብል ኖሮ በሩ ይሸፍነው ነበር። አንድ እርምጃ!

ልብ በይ፤ ሰውዬው ጥሩ ነውም መጥፎ ነውም አላሉኝም። ዓይኔ የት እንደሄደ ብቻ ጠየቁኝ። አንቺም «እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂ ሰው ሁሉ «አሪፍ ነው» ብሎሽ ያልፋል። ሌላ ምን ይበል? ይልቅ «መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?» በዪ። «እዚህ ፎቶ ላይ ምን እየሆነ ይመስልሃል?» በዪ። «አንድ ነገር አውጣ ብትባል ምኑን ታወጣለህ?» ብትዪም ጥሩ ነው። ከዚያ ዝም በዪ። ይህች ዝምታ ከባድ ናት፤ አውቃታለሁ። «አይ፣ እኔ እኮ ለማለት የፈለግኩት…» የሚለው አፍሽ ላይ ይመጣል። መልሰሽ ዋጪው። ፎቶሽን የሚያይ ሰው ሁሉ አጠገብ ቆመሽ ልታስረጂ አትችዪም። ያልገባው ነገር ካለ፣ አለመግባቱ ራሱ የምትፈልጊው መልስ ነው።

ደግሞ 43 ፎቶ ለማንም አትላኪ። ሦስት ይበቃል። ከአምስት ተመሳሳይ ፎቶ የቱን እንደምታስቀሪ ስትመርጪ ግማሹን አስተያየት ለራስሽ ሰጠሽ ማለት ነው። የምትመርጪውም ባነሳሽበት ቀን አይሁን። ጥቂት ቀን ይቆይ። የቀኑ ስሜት ሲበርድልሽ ፎቶውን እንደ እንግዳ ታዪዋለሽ።

ስታሳዪ የሹተር ስፒዱን (ብርሃን የገባበትን ጊዜ)፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎላ) አብረሽ አሳዪ። ካሜራው ፋይሉ ውስጥ መዝግቦልሻል። ለምን መሰለሽ? «ብዥ ብሏል» የሚል አስተያየት ብቻውን የትም አያደርስም። ፎቶው ላይ ያለው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ እጅሽ ነው የተንቀሳቀሰው። ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከተጎተተ፣ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። ጆሮው ጥርት ብሎ ዓይኑ ከደበዘዘ ደግሞ ፎከሱ ስቷል። ሦስቱም ብዥታ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ልጆቹ የሚሮጡበትን ፎቶሽን አየሁት። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ1/30 ሰከንድ ነው ያነሳሽው። ከድሮ ጀምሮ የሚባል ነገር አለ፤ ካሜራውን በእጅ ስትይዢ የሰከንዱ ክፍልፋይ የታችኛው ቁጥር ከሌንሱ ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ለ85 ሌንስ 1/100 አካባቢ መሆኑ ነው። ለሚሮጥ ልጅ እሱም አይበቃም፤ 1/500 ሞክሪ። ብርሃን ካነሰሽ አይኤስኦውን ከፍ ለማድረግ አትፍሪ። ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ከተበላሸ ፎቶ ይሻላል።

አስተያየት የሚሰጡሽ ሰዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ደግሞ አትደንግጪ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ችግረኛ እናት ከልጆቿ ጋር አንስታ ነበር። እስካሁን በዓለም ከሚታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው። ታች በቀኝ በኩል የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ፎቶው ውስጥ ገብቷል። ላንግን ያ ጣት አስጨነቃት። በ1939 ከኔጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም ላይ እንዲደበዝዝ አደረገች። የሥራ ኃላፊዋ በነገሩ አልተደሰተም። እኔ ብጠየቅ ጣቱ ይቆይ ነበር የምለው፤ ፎቶው እውነተኛ ቦታ ላይ የተነሳ መሆኑን ይነግረኛል። ግን ፎቶው የእሷ ነው። አንቺም የተባልሽውን ሁሉ ስሚ፣ ጻፊውም። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱን ቦታ ካሳዩሽ ቦታው በእርግጥ ችግር አለበት ማለት ነው። ምን እንደምታደርጊበት ግን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

አሁን ከላክሽልኝ ውስጥ ወደ 17ኛዋ ፎቶ ልምጣ። ወንበር የሚጠግኑትን ሽማግሌ ያነሳሽባት። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ቀኝ እጃቸው ላይ ነው። የመስኮቱ ብርሃን መዶሻውንና የጣቶቻቸውን መገጣጠሚያ ብቻ ነክቷል፤ ሌላው ሁሉ ጥላ ነው። ከዚያ ወደ ፊታቸው ወጣሁ። ከዚያ ሚስማሩን የያዘውን ግራ እጃቸውን ፈለግኩ። የለም፤ የፎቶው ጠርዝ ቆርጦታል። መዶሻው ወዴት እንደሚወርድ ማየት ፈልጌ ነበር።

ቀርበሽ ነው የቆረጥሽው ወይስ ኋላ ኤዲት ስታደርጊ? ከዚያች ደቂቃ ሌላ ያነሳሽው ካለ ላኪልኝ። ግራ እጃቸው የገባበትን።

አባትሽ