ቤት ለምታሳድሱ አባላት

ውድ አባላት፣ ሰሞኑን ኮንትራክተር የምታፈላልጉ በርከት ብላችኋል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚሠራውን በዝርዝር ጻፉ። አለበለዚያ አንዱ ቀለሙን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ዋጋ ይሰጣችኋል። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፤ የመጨረሻውን ደግሞ ጉድለቱ ሁሉ እስኪስተካከል ያዙት። ሙሉውን ቀድሞ የተቀበለ ሰው ስልክ ማንሳት ይከብደዋል!

መታጠቢያ ቤት ላይ ግን አትቸኩሉ። የውሃ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ የወለሉን ማፍሰሻ አስደፍናችሁ ውሃ አስሞሉና 24 ሰዓት ይቆይ። ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ውሃው በግልጽ ከቀነሰ ወይም ከታች ያለው ኮርኒስ ከረጠበ፣ ሴራሚኩ ይጠብቅ። የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩንም በልስን ሳይሸፈን ፎቶ አንሱት፤ ኋላ መደርደሪያ ስትሰቅሉ የት መብሳት እንደሌለባችሁ ታውቃላችሁ።