የቅዳሜው የተከታታይ ድራማ ፕሮግራም

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ፒያሳ በተለመደው ቦታችን ተገናኝተን «መንክ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ማየት እንድንጀምር በአክብሮት እጋብዛችኋለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2009 በ8 ምዕራፎች የቀረበው ይህ ድራማ፣ ሚስቱ ከተገደለችበት ወዲህ ከፖሊስነት ሥራው የተገለለውን፣ ጀርምንና ከፍታን አጥብቆ የሚፈራውን የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ አድሪያን መንክን ታሪክ ይተርካል። ሰው በጨበጠ ቁጥር እጁን በእርጥብ ሶፍት መጥረጉ ያስቃል፤ እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ያው ጭንቀቱ ሌሎች ያለፉትን ጥቃቅን ነገር እንዲያስተውል ማድረጉ ነው። በመጀመሪያው ክፍል፣ ግድያ የተፈጸመበትን ቤት እየመረመረ ሳለ እንኳ የገዛ ቤቱን ምድጃ ስለማጥፋቱ ይጨነቃል። ቶኒ ሻሉብ በዚህ ሚና 3 ጊዜ የኤሚ ሽልማት ማግኘቱ የሚገባው ነው።

የመክፈቻው ታሪክ ባለሁለት ክፍል ስለሆነ በሰዓቱ እንድትገኙ፣ መብራት ቢጠፋ እንዳንቋረጥ ላፕቶፕ ያላችሁ ቻርጅ አድርጋችሁ እንድታመጡ፣ ቀድማችሁ ያያችሁትም ገዳዩን ከመናገር እንድትቆጠቡ አደራ እላለሁ። ቡናው በእኔ በኩል ይዘጋጃል።

ከዚያ በኋላ በቅደም ተከተል እንይ ወይስ የተመረጡ ክፍሎችን ብቻ የሚለውን በጋራ መወሰን ይኖርብናል። የሚስቱ ግድያ ጉዳይ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየተሸጋገረ ስለሚሄድ የእኔ ሐሳብ በቅደም ተከተል ይሁን የሚል ነው። መምጣት አለመምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።