የቅዳሜው ፊልም፦ ማን ይመጣል?

ሰላም አባላት፣

የዚህ ወር ተራ «ዘ ዴቭልስ ዶርዌይ» የተባለው አስፈሪ ፊልም ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ እንደተለመደው ሳሪስ እኛ ቤት። ፊልሙ አጭር ስለሆነ በሰዓቱ እንጀምራለን።

አይስሊን ክላርክ የሠራችው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ታሪኩ በ1960 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ ነው። የእመቤታችን ሐውልት ደም አነባ ተብሎ ሁለት ካህናት ሊያጣሩ ይላካሉ። ሽማግሌው ተአምር ሲባል አይዋጥለትም። ወጣቱ ካሜራ ይዞ ይከተለዋል፤ የምናየውም እሱ የቀረጸውን ነው። ምስሉ ጠበብ ያለ፣ ቅንጣት ቅንጣት የሚል የድሮ ፊልም ነው።

ቦታው መነኮሳይት ከሚያስተዳድሯቸው «የመቅደላዊት ልብስ ማጠቢያዎች» አንዱ ነው። ሳያገቡ ያረገዙና ሌሎችም ሴቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ ልብስ ያጥቡ ነበር። ይሄ ፈጠራ አይደለም፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን ከጋኔኑ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ልጆች ይዛችሁ አትምጡ። ፈንዲሻና ቡና ከእኔ። ስፒከር ያለው ያምጣ፤ የእኛው አሁንም ይንጫጫል።

ውይይቱ ወዲያው ይሁን ወይስ ለእሁድ ይደር? ከመሸ ብቻዬን አልሄድም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መምጣት አለመምጣታችሁንና የሚመቻችሁን እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ።