ውኃ ቢረሱትም የማይጠወልግ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበቡ ዘንድሮ በአንድ ሥራ ላይ አተኩሯል፦ ብዙ ክትትል የማይፈልጉና በትንሽ ወጪ የሚገኙ ተክሎችን ወደ መማሪያ ክፍሎች፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱና ወደ መምህራን ማረፊያው ማስገባት። ትምህርት ቤት ለተክል ከባድ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አለ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በሩን ሁለት ወር የሚከፍተው የለም። ስለዚህ ምርጫው የተጀመረው ከውበት ሳይሆን «ሦስት ሳምንት ቢረሳስ?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

አራት ተክሎች ተመረጡ። ስኔክ ፕላንት (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው) በወፍራም ቅጠሉና አፈር ውስጥ በተኛው ግንዱ ውኃ ያጠራቅማል፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች በአብዛኛው የሚከፍተው ሌሊት ስለሆነ የቀን ሙቀት ብዙ ውኃ አያስወጣውም። ዜድ ዜድ ፕላንት (የሚያብረቀርቁ ቅጠሎች ያሉት) ከሥሩ ድንች የሚመስል ማከማቻ አለው። የስፓይደር ፕላንትም (ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም የሆነው) ሥር ወፍራምና ውኃ ቋጣሪ ነው። ቶሎ የሚጠማው ሐረግ የሆነው መኒ ፕላንት ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉን ጣል አድርጎ ስለሚያሳውቅ ይመቻል፣ ውኃ ካገኘም በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። እሬትም ታስቦ ነበር። ፀሐይ በደንብ ካላገኘ ግን እየቀጠነ ስለሚጋደም ለመስኮት ደፍ ብቻ ተፈቀደ።

ወጪውን የቀነሰው ማባዛት ነው። መኒ ፕላንት የሚቆረጠው ከአንጓው (ቅጠሉ ከሐረጉ ከሚወጣበት መገጣጠሚያ) ዝቅ ብሎ ነው፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ስለሆነ አንጓ የሌለው ቅጠል ውኃ ውስጥ ወር ቢቆይ ተክል አይሆንም። ቢያንስ አንድ አንጓ ውኃ ውስጥ እንዲሰጥም አድርጎ ውኃውን በየሳምንቱ መቀየር ይበቃል። በሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሥር ይታያል። የስኔክ ፕላንት ቅጠል ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እየተደረገ ይቆረጥና ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳይደርቅ የተተከለ ይበሰብሳል። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ሥር አያወጣም፤ አባላቱ የታችኛውን ጫፍ ጥግ ጥጉን ቀንጥበው ምልክት ያደርጉበት ነበር። ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት ከቅጠል ሲባዛ ቢጫውን አጥቶ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ቢጫውን ለማቆየት ከሥሩ መክፈል ግድ ነው። ዜድ ዜድ ከቅጠል ሲባዛ ወራት ስለሚፈጅ አንድ ትልቅ ተገዝቶ ለሦስት ተከፈለ። ስፓይደር ፕላንት ግን ልጆቹን ራሱ ያንጠለጥላል፤ ቆርጦ መትከል ብቻ ነው።

ለመትከያ የወተት ዱቄት ጣሳና የፕላስቲክ የቀለም ባልዲ ከየቤቱ መጣ። ጣሳ የሚበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ከተበሳ የተነሣው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይቀርና ውኃ ያቁራል። በባልዲው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው አምስት ቀዳዳዎች ይበቃሉ። ከሥር ጠጠር መደልደል የተለመደ ነው፣ ሆኖም አይጠቅምም፦ ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ እስኪጠግብ ከያዘ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ ጨቀጨቁን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ቀዳዳውን በአንድ የሸክላ ስብርባሪ መሸፈን በቂ ነው።

አፈሩ ላይ ብዙ ተደክሟል። ከግቢው የተቆፈረው ዋልካ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርጥብ ሲሆን አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከመትከያው ግድግዳ ይላቀቃል፣ የሚፈስበት ውኃም ሥሩን ሳይነካ በጎን ይወርዳል። የተሠራበት ድብልቅ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ (ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ ለመኒ ፕላንት ግማሽ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ይጨመራል።

በጥቅምት በየክፍሉ በር ላይ የውኃ ተራ ተለጥፎ ነበር። ስህተቱ ይኸው ነው። ተረኛ ሁሉ በቀኑ አጠጣ፣ በኅዳር የስኔክ ፕላንቶቹ ቅጠል ከሥሩ ላልቶ መሽተት ጀመረ። የአፈሩን ቀዳዳዎች ውኃ ሲሞላቸው ሥር አየር ያጣል፣ ይሞታል፣ ብስባሹም ወደ ላይ ይወጣል። ግራ የሚያጋባው ሥሩ የሞተ ተክል የተጠማ መስሎ መጠውለጉ ነው፤ ያየው ሁሉ አዝኖ ይጨምርለታል። ተራው ተነሥቶ በምትኩ እንጨት መጣ፦ ደረቅ ቀጭን እንጨት 10 ሳንቲ ሜትር ይወጋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይወጣል። እርጥበት ወይም አፈር የያዘበት ክፍል አፈሩ ገና እርጥብ የሆነበትን ጥልቀት ያሳያል። መኒ ፕላንትና ስፓይደር ፕላንት የአፈሩ የላይኛው ግማሽ ሲደርቅ ይጠጣሉ፤ ስኔክና ዜድ ዜድ ግን እስከ ታች እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መትከያ ግማሽ ሊትር ያህል በዝግታ ይፈስሳል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሥር ሳህኑ ላይ የቀረው ይደፋል።

የብርሃን ጉዳይ ላይ የውጭ አገር መመሪያዎች ያሳስታሉ። በሰሜን አውሮፓ ፀሐያማው መስኮት ምንጊዜም የደቡቡ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ግድም የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀሩት ወራት ግን በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው፦ በታኅሣሥ በደቡቡ መስኮት ደፍ ላይ የነበረው መኒ ፕላንት ቅጠሉ እየነጣ ተቃጠለ፤ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ አገገመ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም አለ፦ መኒ ፕላንትና ዜድ ዜድ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚጎዱ ማታ ከመስታወቱ መራቅ ይኖርባቸዋል።

አቀማመጡን የ7ኛ ክፍል አባላት ናቸው የወሰኑት፤ ምርጫቸውም የሚያምር ነበር። ጣሳዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ቀለም ተቀቡ፣ ዓይን ከዕቃው ይልቅ ቅጠሉ ላይ እንዲያርፍ። ባልዲዎቹ በጆንያ ተጠቀለሉ። በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ረጅሙ ስኔክ ፕላንት ከኋላ፣ ዜድ ዜድ ከጎኑ፣ ስፓይደር ፕላንት ከፊት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። መኒ ፕላንቱ ከመደርደሪያው ራስ ላይ ወርዶ፣ ሐረጉ በሲባጎ በመስኮቱ ዙሪያ ተመርቷል። የመኒ ፕላንትና የዜድ ዜድ ፈሳሽ አፍና ቆዳ ስለሚያሳክክ በአጸደ ሕፃናት ክፍሎች የገባው ስፓይደር ፕላንት ብቻ ነው።

«ተክል የክፍሉን አየር ያጸዳል» የሚል ፖስተር ተሠርቶ ነበር፤ እንዲነሣ ተደርጓል። ለዚህ አባባል መነሻ የሆነው የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ተቋም) የ1989 እ.ኤ.አ. ጥናት የተካሄደው በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በክፍል ውስጥ መስኮት መክፈት እጅግ ይበልጣል።

በአፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከታዩ ውኃ በዝቷል ማለት ነው። ላዩን ማድረቅና አንድ ሳንቲ ሜትር አሸዋ መነስነስ ይፈታዋል። እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ በቅጠሉ ጉያ የሚለጠፈው ተባይ በ70 በመቶ አልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል፣ ሳምንት እየቆየ ሦስት ጊዜ ካልተደገመ ግን ተመልሶ ይፈላል። የስፓይደር ፕላንት ቅጠል ጫፍ ቡናማ መሆን ብዙ ጊዜ ከውኃው ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን አይወድም። በስምጥ ሸለቆ ዘመድ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እዚያ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ስላለ የዝናብ ውኃ አጠራቅማችሁ አጠጡት።

ለክረምቱ ስኔክና ዜድ ዜድ በሰኔ መጨረሻ አፈራቸው ደርቆ ይዘጋባቸዋል፤ ሁለት ወር ይችላሉ። ስፓይደር ፕላንቶቹ ዝናብ በማይመታቸው በረንዳ ላይ ይወጣሉ። የመኒ ፕላንት መትከያዎች በጥጥ ገመድ ከ5 ሊትር ጀሪካን ጋር ይያያዛሉ፦ የገመዱ አንድ ጫፍ በአፈሩ ውስጥ፣ ሌላው በጀሪካኑ ወለል ላይ። ትነት እንዲቀንስ የጀሪካኑ አፍ በፕላስቲክ ይታሰራል። በመስከረም በሩን የሚከፍቱ አባላት የመጀመሪያውን ውኃ በአንዴ እንዳያፈስሱ፤ በጣም የደረቀ አፈር ውኃ ይገፋል። ግማሽ ኩባያ ሰጥተው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተው ቀሪውን ይጨምሩ።