አንዲት ጥቅስ ይዞ መፍረድ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው እትማችሁ ስለ አይሁድ ሕግ የወጣውን ጽሑፍ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጸሐፊው «ዓይን ስለ ዓይን» የምትለዋን ቃል ከኦሪት መዝዘው፣ በቃ ሕጉ በቀል ነው ብለው ደመደሙ። የቡናው ሰውም «እውነት ነው» አለ። እኔን ግን ከነከነኝ።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ። አንድ ቀን የኔታ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ነገሩን፤ እኔ ሰሙን ሰማሁና «ገባኝ» ብዬ ተነሣሁ። «ቁጭ በል፣ ወርቁስ?» አሉኝ። እስኪመሽ ድረስ እሷው ላይ ዋልን። መጽሐፍ ሲተረጎምም እንደዚያው ነው፤ መምህሩ አንዱን ንባብ «አንድም» ይላል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል፣ ገና አልጨረሰም።

የአይሁድ ረቢዎችም፣ የሕግ መምህራኑ ማለቴ ነው፣ አንዲቷን ቃል እንዲሁ ነው የያዟት። ክርክራቸውና ትርጓሜያቸው በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ በታልሙድ ውስጥ ይከራከራሉ፦ ዕውር ሰው የሌላውን ዓይን ቢያጠፋ ምኑ ይጠፋል? ደግሞ ኦሪት ዘኍልቍ 35 ላይ ስለ ነፍሰ ገዳይ ሕይወት ዋጋ አትቀበሉ ይላል፤ እንግዲያው ስለ አካል ጉዳት ዋጋ ይቀበላሉ ማለት ነው ይላሉ። መደምደሚያቸው ካሳ ነው፦ ለጉዳቱ፣ ለሕመሙ፣ ለመታከሚያው፣ ከሥራ ለዋለበትና ለተዋረደበት። አምስቱም ተቆጥረው ይከፈላሉ። ይህን የሚለው የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽና እኮ እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የተሰበሰበ ነው፤ አዲስ ማለዘቢያ አይደለም።

ቡናው ላይ አንዲት እናት «የጎንደር ቤተ እስራኤሎችን እናውቅ የለ እንዴ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን እነሱ የኖሩት በግዕዙ ኦሪትና በቄሶቻቸው ትምህርት ነው፤ ታልሙድ አልደረሳቸውም ነበር። እነሱን ማወቅ የረቢዎቹን ሕግ ማወቅ አይሆንም።

የባቢሎኑ ታልሙድ 2,711 ቅጠል ነው። በቀን አንድ ቅጠል የሚያነቡ አሉ፣ ለመጨረስ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅባቸዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የአይሁዱ ሊቅ የማይሞኒደስ 14 የሕግ መጻሕፍት አሉ፣ የረቢ ዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ ሹልሃን አሩክ አለ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሐተታው።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ያንብቡ አልልም። ስለዚያች አንዲት ቃል ግን ረቢዎቹ ምን እንዳሉ አንብበው በዚሁ ዓምድ ይመለሱበት። ወይም በትምህርቱ ያደገ ሰው ጠይቁና አትሙልን፤ እኔም ቡና ላይ አነብላቸዋለሁ።